ሳይጣሩ መግባት

ኦቤትስ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 13፣ 2024

ይድረስ እንደ እናት ሆና ላሳደገችኝ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሉሉ ወርቅነህ፤ ደሴ።

እትዬ፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሱቁን ትከፍቻለሽ ወይስ ብርዱ ከቤት አስቀረሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሀሴት አራተኛ ክፍል ገባች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ያም ሆኖ ፎቶሽን ስታይ "አክስቴ" ማለቱን አልረሳችም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ባለቤቴ የምሥራች ነገሩ በተነሣ ቁጥር እንቅልፍ ስለምታጣ ነው። ሥራ ቦታ ብሬክ ላይ ሆኜ በቴሌግራም እየጻፍኩልሽ ነው። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። አትደንግጪ፣ ሁላችንም ደህና ነን።

ቤታችን ሌባ ገባ። ያውም በጠራራ ፀሐይ። ባለቤቴ ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ሌሊት ሌሊት እንደምታስታምም ታውቂያለሽ። ጠዋት እኔ ሪከንባከር ወደምሠራበት መጋዘን፣ ወደ ዌርሃውሱ ስወጣ እሷ ትገባለች፤ ሀሴትን ለትምህርት ቤት አውቶቡስ አስረክባ ትተኛለች። ያን ቀን መኪናዋ ጋራዥ ነበረች፤ ሌቦቹ ደጃችን ባዶ ሆኖ ሲያዩ ሰው የሌለ መሰላቸው። የጓሮውን በር በርግጫ ከፈቱት። እሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ የሀሴትን ካፖርት በጥርሷ ነክሳ ሳሎኑን ሲያተራምሱት ትሰማለች። ቴሌቪዥኑንና ኮምፒውተሩን ይዘው ሄዱ። ኮል አድርጋልኝ ስደርስ፣ እትዬ፣ የካፖርቱ ክር ከከንፈሯ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀን እንቅልፍ የላትም። ስለዚህ ሾትገን የሚሉትን፣ ባለ ሰደፉን ረጅም መሣሪያ ገዛሁ። እዚህ ብዙ ሰው ቤቱ አለው። ነገር ግን መያዝ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ መልመድ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሐበሻ የሚያስተምር አንድ ልጅ አለ፤ ሁለታችንም ተመዝግበናል። መጀመሪያ እኔ በደንብ እለምድና እሷን አስለምዳታለሁ።

በጸሎትሽ አስቢን።

ወንድምሽ ጀማነህ


ደሴ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለወንድሜ ለጀማው፤

የወሎ ምድር ታቦታት ሁሉ ይጠብቁህ። ደጅህን ክፉ አይርገጠው፤ የረገጠውም እግሩ ይሰበር።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ሱቄን ዘግቼ፣ ከጣቃው ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት። አባታችን "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይል ነበር። አንተን ማን ይንቅሃል? ጥፋቱ የቤቱ አያያዝ ነው። ሴት ሌሊት ወጥታ እያደረች፣ ቀን መጋረጃ ጋርዳ እየተኛች፣ ያ ቤት ሰው አለው ብሎ ማን ይጠርጥር? እኔ አንተን ሳሳድግ በሬ ክፍት ነበር፤ ግን ከደጁ የማልጠፋ እኔ ነበርኩ።

መሣሪያ መግዛትህ ደግ ነው። ወንድ ልጅ ቤቱን ይጠብቅ። አንተ ልጅ ሆነህ የጥምቀት ርችት ሲፈነዳ ቀሚሴ ውስጥ ትገባ እንደነበር አልረሳሁም፤ አሁን ግን አባወራ ነህ። ልመድ። ለሴት እጅ ግን አትስጥ። እዚህ በዚያ ክፉ ጊዜ መሣሪያ በየቤቱ ምን እንዳመጣ አንተም ሰምተሃል።

የጉልበት ቅባቱ አልቋል፤ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ላክልኝ። ሀሴትን ሳምልኝ።

እህትህ ሉሉ


ኦቤትስ፣ ኖቬምበር 24፣ 2024

ለእትዬ ሉሉ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ቅባቱን ወደ ኮምቦልቻ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ውሸቴን ነው፤ ሥራ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው።

አሠልጣኙ አንዋር ይባላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ትልልቅ መኪና ይነዳል፤ የማሠልጠን ፈቃድ አለው። ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጥይት የሚባል ሳናይ ስለ አያያዝ ብቻ ሲያስተምረን ዋለ። "ባዶ ነው ብላችሁ የምታምኑት መሣሪያ የለም፤ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ቁጠሩት" አለን። ጣት ከምላጩ ውጭ ይሁን፤ አፈሙዙ መሬት ይይ፤ ከፊታችሁ ያለው ማን እንደሆነ፣ ከኋላውም ምን እንዳለ ሳታውቁ ምንም አታድርጉ። ቤት ውስጥ ሰው ከገባ ፍለጋ አትውጡ፤ ልጃችሁን ይዛችሁ አንድ ክፍል ግቡ፣ ፖሊስ ጥሩ፣ ድምፃችሁን አሰሙ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሄድን። ተራዬ ደርሶ መሣሪያውን እንደያዝኩ ከኋላ አንድ ሰው ስሜን ጠራኝ። ዞርኩ። እኔ ስዞር አፈሙዙም አብሮኝ ዞረ፤ በተሰለፉት ሰዎች ሆድ ላይ አለፈ። አንዋር ብድግ ብሎ ብረቱን በመዳፉ ይዞ ወደ መሬት ተጫነው። "ወንድሜ፣ አፈሙዝህ የት እንዳለ ሁልጊዜ እወቅ" አለኝ፣ በለሆሳስ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስተኩስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ጠቁሯል።

የምሥራች ቀጠለች። እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ሰደፉን ከትከሻዋ ጋር አስማማች፤ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ለቀቀች። ኢላማው መኻሉ ላይ ተበሳ። ደገመች። ያው። አንዋር በሁለት እጁ ራሱን ይዞ፦

"ማሻ አላህ! እህቴ፣ እስካሁን የት ነበርሽ?" አላት።

ሳቀች፣ እትዬ። ሌባው ከገባ ወዲህ ያልሳቀችው ሴት፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። እኔ ላስቃት ስንት ነገር ሞክሬ ነበር።

ማታ ራት ላይ ሀሴት "ዳዲ፣ አር ዩ ማድ?" አለችኝ። ተናደሃል ወይ ማለቷ ነው። "ደክሞኝ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ኦቨርታይም ያዝኩ ብዬ ቀርቻለሁ። የምሥራች ግን ትሄዳለች።

ጀማነህ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማነህ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ቅባቱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሌላ ምንም አትላክልኝ። ቤትህን ጠብቅበት።

አንተ ስታፍር እኔ ቆስያለሁ። ወንድሜን በሰው ፊት "አፈሙዝህን እወቅ" ያለው ማነው? ኮምቦልቻ ሰው ልኬ ማጠያየቅ እችላለሁ። ሚስት አለው? ልጅ አለው? ይህን ሳትጽፍልኝ የቁመናውን ማማር ጻፍክልኝ። አንተ ያየኸውን ሌላው አያየውም ብለህ ነው?

ሳቀች አልከኝ። እኔ እኮ እዚህ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ስንቱን አያለሁ። ባሏ ፊት ግንባሯን ቋጥራ፣ ነጋዴ ፊት ጥርሷን የምታሳይ ሴት ጨርቅ ልትገዛ አልመጣችም። ልፈርድ አይደለም። ግን አንተ ሌት ተቀን ሳጥን እየተሸከምክ የገዛኸው መሣሪያ፣ አንተ የከፈልክበት ትምህርት፣ አንተ ቀርተህ እሷና እሱ ብቻ ቀሩበት። ይህ ምን የሚሉት ልምምድ ነው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው የሚለውን የምትሰማው በመጨረሻ አንተ ነህ። ቤቷ ተኝታ ትውላለች ካልክ አንድ ቀን ሥራህን ጣል አድርገህ ሳትናገር ግባ። ተኝታ ካገኘሃት እሰየው፤ ሳምካት ወጣህ። ምን ይጎዳሃል?

ድንግል ትከተልህ።

ሉሉ


ኦቤትስ፣ ጃንዋሪ 12፣ 2025

ለእትዬ ሉሉ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። በበዓሉ ደውዬ "ሁሉ ሰላም ነው" ያልኩሽ የምሥራች አጠገቤ ስለነበረች ነው።

አሁን ቤት ውስጥም ትለማመዳለች። ሥራ ከመውጣቷ በፊት ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆልፋ ታስቀምጣለች፤ መሣሪያው ባዶ መሆኑን በዓይኗም በጣቷም ደጋግማ ታያለች፤ ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ከአልጋው ማዶ ትቆማለች። "ሁ ኢዝ ዜር? ፖሊስ ጠርቻለሁ!" እያለች፣ ማነው እዚያ ማለቷ ነው፣ በእንግሊዝኛ ስትጮህ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ድምፅም ይለመዳል አሉ።

ባለፈው ሳምንት በሩ ገርበብ ብሎ አየሁ። ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፋ አቁማዋለች። በስልኩ ውስጥ አንዋር አለ። "ክርንሽን ዝቅ" ይላታል። ክርኗን ዝቅ ታደርጋለች። "ጎበዝ" ይላታል። እኔ በዐሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ክርኗን አይቼ አላውቅም። ያን ማታ ግን ከክርኗ በቀር ሌላ አልታየኝም። እንዴት እንደሚያምር ሌላ ሰው አሳየኝ።

ደግሞ ሐሙስ ዕለት ሀሴት "አንክል አንዋር ኬም" አለችኝ፣ መጥቶ ነበር ማለቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመሣሪያ ሳጥን ይዞ ሲወጣ አገኘችው። የምሥራች ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጠየቅኳት። ትነግረኛለች እያልኩ ሳያት አመሸሁ። ሻይ ቀዳችልኝ፤ "ፊትህ ጠቆረ፣ አሞሃል?" አለችኝ።

አላመመኝም አልኳት።

ጀማነህ


ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጀማው፤

ከጥምቀት መልስ፣ ልብሴን ሳልቀይር የምጽፈው ነው። ባል በሌለበት ሰው ቤት ገባ፤ ሚስት ደበቀች፤ አንተ ሻይ ጠጣህ። አባታችን ይህን ሰምቶ ቢሆን መቃብሩ ይሞቀው ነበር?

ያቺ ትንሿ ክፍል፣ "እትዬ ስትመጣ ያንቺ ናት" ብለህ በቪዲዮ ያሳየኸኝ፣ አሁን የጥይት መቆለፊያ ሆናለች ማለት ነው። ይሁን። እኔን አታስበኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልልኝ የነበረውም ቀርቷል፤ እሱንም አላነሣም። እህት የሩቅ ናት። ሚስት የቅርብ ናት፤ የቅርቡን እወቅ ነው የምልህ።

ወንድ ከሆንክ ሳትናገር ግባ። ሌላ ቃል የለኝም።

ሉሉ


ከቢሩክ ቤት፣ ኮሎምበስ
ፌብሩዋሪ 23፣ 2025

ለእትዬ ሉሉ፤

አድራሻውን አይተሽ ገብቶሻል። ቢሩክ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሶፋው ላይ አስተኝቶኛል። የሆነውን እንደሆነ እጽፍልሻለሁ። አንድም አልቀንስ።

ሐሙስ ጠዋት ነው። ከሥራ "አሞኛል" ብዬ ወጣሁ። መኪናዬን ከቤታችን ራቅ አድርጌ አቆምኩ። ብርዱ ስለከፋ ፊቴን በሻርፕ ጠቅልያለሁ፤ የዌርሃውሱን ኮፍያ ደፍቻለሁ። በፊት በር እንዳልገባ የደጁ ካሜራ ስልኳ ላይ ይጮኻል። በጓሮ ዞርኩ። ልቤ እንደ ሌባ ይመታ ነበር፤ የገዛ ቤቴን ደጅ እየረገጥኩ።

ቁልፉን አዞርኩ፤ ዞረ። በሩ ግን አልከፈት አለ። ከውስጥ የሆነ ነገር ይዞታል። በቀን፣ ብቻዋን ሆና፣ ከውስጥ ሸጉራ! ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። በትከሻዬ መታሁት። ደገምኩት። በሦስተኛው ከእነ ፍሬሙ ተገንጥሎ ገባ።

ከመኝታ ቤት ድምፅዋ መጣ። "ሁ ኢዝ ዜር?" ከዚያ "ፖሊስ ጠርቻለሁ! መሣሪያ አለኝ!" በእንግሊዝኛ፣ እንደተለማመደችው። ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ እንጂ አልጠፋም።

እትዬ፣ "እኔ ነኝ" ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። እኛ አገር ሰው የባዳ ቤት እንኳ ሲሄድ ከደጅ "ቤቶች!" ይላል። እኔ ዝም አልኩ። አንድ ነገር መስማት ፈልጌ ነበር፤ የሌላ ሰው ድምፅ። "ማነው?" የሚል የወንድ ድምፅ። ጫማዬን ቀስ አድርጌ እያነሣሁ በኮሪደሩ ሄድኩ። "እዚያው ቁም!" አለች። አልቆምኩም። የመኝታ ቤቱን በር ገፋሁት።

ከአልጋው ማዶ ተንበርክካለች። በሌሊት ልብሷ ናት። መሣሪያው ትከሻዋ ላይ ነው፤ የብረቱ ጫፍ እኔ ላይ ነው። ከጫፉ ላይ ያለው መብራት ዓይኔን አጭበረበረው። ከዚያ ብርሃን ጀርባ ድምፅዋ "እጅህን! እጅህን አሳየኝ!" አለ፣ አሁን በአማርኛ፤ በድንጋጤ አማርኛው ቀድሟት። እጄን አነሣሁ። በቀኝ እጄ ቁልፉ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

"የምሥራች" አልኩ።

አላመነችኝም። ሻርፑን እንዳወርድ ነገረችኝ። አወረድኩ። ያን ጊዜ አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገች። ጣቷ ከምላጩ ውጭ፣ ከብረቱ ጎን ቀጥ ብሎ ነበር፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ነበር። እኔ በሕይወት ኖሬ የምጽፍልሽ በዚያች ጣት ነው።

ጥይቱን አንድ በአንድ አውጥታ ፍራሹ ላይ ደረደረችው። መሣሪያውን ከፍታ በዓይኗም በጣቷም አየችው። ሁሉን ጨርሳ ካስቀመጠችው በኋላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ያን ጊዜ መላ ሰውነቷ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ልይዛት ስጠጋ "አትንካኝ" አለችኝ።

አልጋው ላይ ያለው ስልክ ተከፍቶ የፖሊስ ጥሪ ተቀባይዋ "ማዳም? ማዳም?" ትላለች። "ባለቤቴ ነው" አለቻት። ቢሆንም ፖሊሶች መጡ። አንደኛው በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ በትሕትና ጠየቀኝ፦ "ሰር፣ ሚስትህ ስትጠራህ ለምን አልመለስክላትም?"

"ቁልፍ ረስቼ ነው" አልኩ። ቁልፉ ግን በእጄ ነበር። የምሥራች ቁልፉን አየችው።

እነሱ ሲወጡ "ማንን ልታገኝ ነው የመጣኸው?" አለችኝ።

ነገርኳት። ስሙን ጠራሁላት። መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ከዚያ ተነሥታ ወደ ተሰበረው በር ወሰደችኝና ከመጋረጃው ሥር፣ ወለሉ አጠገብ የተገጠመ የብረት መሸጎሪያ አሳየችኝ። "አንዋር ያንን ቀን የመጣው ይህን ሊገጥምልኝ ነው። አንተ በሩን በደንብ አጠናክራለሁ ካልክ አራት ወር ሆነህ። እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ይህን ሸጉሬ ስድስት ሳምንት ተኛሁ። ስድስት ሳምንት፣ ጀማነህ።"

እኔም ራሴን ለማዳን ብዬ፣ ይቅር በይኝ እትዬ፣ ያንቺን ስም አነሣሁ። "እትዬ ሉሉ ናት ሳትናገር ግባ ያለችኝ" አልኳት።

"እሷ ባሕር ማዶ ናት" አለች። "በሬን የሰበርከው አንተ ነህ።"

ከዚያ ልብሴን በሻንጣ አድርጋ ሰጠችኝ። "ይህ መሣሪያና ያንተ ጥርጣሬ አንድ ቤት አያድሩም። ሀሴት እዚህ ናት። መሣሪያውን አላወጣም፤ እሱ የተነገረውን ይሰማል" አለችኝ።

ሀሴት በስልክ "ዳዲ፣ ዌን አር ዩ ካሚንግ ሆም?" ትለኛለች። መቼ ነው የምትመጣው ማለቷ ነው። ሥራ በዛብኝ እላታለሁ።

ጀማነህ


ደሴ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀማነህ፤

አምላክ ከሞት አፍ ስላወጣህ ስሙ ይመስገን። በዚህ ጾም ጉልበቴ እንቢ እያለኝም ለዚያ ስግደት አልቀነስኩም።

ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። ልጽፍልህ ስልኩን አነሣለሁ፣ እጥላለሁ። ሱቅ የሚመጣ ሰው "ሉሉ፣ ምን ሆነሽ ከሳሽ?" ይለኛል፤ ምን ልበለው? ወንድሜን በእጄ አሳድጌ በአፌ ልገድለው ነበር ልበል? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ሲሉ ሰምቼ እስቅ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ። አንዋር የሚባለው ሰው ለእኔ ምኔም አልነበረም። ስለ እሱ የጻፍኩት ሁሉ ስለ እሷ ነው። አንተ "ሳቀች" ብለህ ስትጽፍ፣ አንተ ምን ያህል እንደምታያት አነበብኩ። ክርኗን ስትጽፍልኝ ስልኩን ወረወርኩት። እኔን የሚያየኝ የለም፣ ጀማው። ያንተ ስልክ ሲጮህ ብቻ ነበር ሰው መሆኔ የሚታወቀኝ፤ ስልኩም እየራቀ ሲሄድ ማን ወሰደብኝ አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አላሳምረውም።

እሷ "ባሕር ማዶ ናት" ያለችው አዳነኝ ወይስ ናቀኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ነገር ግን ልክ ናት። በሩን የሰበረው ትከሻ ያንተ ነው። አንተም በእኔ ስም አትሸሸግ፤ እኔም ባንተ አልሸሸግም።

ወደዚያ ትምህርት ተመለስ። ከመጀመሪያው ክፍል፣ ከማያውቁት ጋር ቁጭ በል። ያን ሰው ፊት ለፊት አይተህ ይቅርታ ጠይቅ። በሩን በገዛ እጅህ ሥራ፤ ማደርህን ግን በእሷ ፈቃድ አድርገው።

አንድ ነገር ጠይቃት። ድምፄን መስማት ትፈቅድ እንደሆነ። እንቢ ካለች አትለምናት።

ሉሉ


ኦቤትስ፣ ኤፕሪል 27፣ 2025

ለተከበሩ ለእትዬ ሉሉ፤

እንኳን ለዳግማይ ትንሣኤ በሰላም አደረሰዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔና ሀሴት ደህና ነን።

ለእርስዎ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም፤ ቢጎድል ይታረም። ጀማነህ ጥያቄዎን ነግሮኛል። ደብዳቤዎን ላንብብልሽ ብሎኝ ነበር፤ አልፈለግኩም። ለእሱ የተጻፈ የእሱ ነው።

በሩን ሠርቶታል። ሁለት ቅዳሜ ፈጀበት፤ ሲሠራ እኔ ቤት አልነበርኩም፤ እሱም ሲጨርስ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቶ ወደ ቢሩክ ቤት ተመለሰ። ወደ ትምህርቱም ገብቷል። አንዋር ዘንድ ሄዶ ስለ ጥርጣሬው ይቅርታ ጠየቀ። አንዋር የመለሰለትን ራሱ ጀማነህ ነው የነገረኝ፦ "ጥርጣሬህን ይቅር ብዬሃለሁ። መሣሪያ ፊት ዝም ያልከውን ግን እኔ ይቅር የምለው አይደለም፤ የእሷ ነው።" አሁን አፈሙዙ የት እንዳለ ያውቃል ይላል አንዋር። መሣሪያው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ግን ገና ይደነግጣል። እኔ አልሳቅኩበትም።

ከፋሲካ ወዲህ ቤት ገብቷል። ሳሎን ነው የሚያድረው። የመሣሪያው ሣጥን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ቀን ስተኛ ጆሮዬ አይተኛም። በዚያ የብርሃን ክብ ውስጥ የቆመውን ፊቱ የተጠቀለለ ሰው በሕልሜ አየዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሻርፑን ያወርዳል፣ አንዳንድ ቀን አያወርድም። ጣቴ ቢንሸራተት ኖሮ ለሀሴት ምን እላት ነበር? ለእርስዎስ በማን በኩል ይነገርዎ ነበር? ይህን ባልጽፍልዎ ደስ ባለኝ፤ ግን ካልጻፍኩት የምለው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኔም ቀንቻለሁ። እርስዎ በእኔ እንደቀኑ ነገረኝ፤ ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። አጠገቤ ተኝቶ ያልነገረኝን ሁሉ፣ ትከሻው መጥቆሩን እንኳ፣ ለእርስዎ ነበር የሚጽፈው። እኔ ሻይ እየቀዳሁ "አሞሃል?" ስለው፣ መልሱን የሚያውቁት ደሴ ተቀምጠው እርስዎ ነበሩ። ለእኔ የቀረልኝ "አላመመኝም" ብቻ ነው። ሁለታችንም የሌላዋ ድርሻ የበዛ መስሎን ኖሯል፤ እሱ ግን ለሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ነበር የሰጠን።

ልቤ ከእርስዎ ጋር ታርቋል ማለት አልችልም። ለማወቅም አልችልም፤ አላውቅዎትምና። በስልክ ሲያወሩ ከወዲያኛው ክፍል ሳቅዎን እሰማለሁ እንጂ፣ "የምሥራችን አቅርባት" ብለውት አያውቁም፤ እኔም "ስጠኝ ላናግራት" ብዬው አላውቅም።

ቅዳሜ በእናንተ አቆጣጠር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደወላል። ቁጥሩ የሱ ነው የሚሆነው። ሲያነሡ ግን "ጀማው" አይበሉ።

እኔ ነኝ።

የምሥራች